ደሴ የምናድርበት ዘመን

ከቦሌ ተነሥቶ መቀሌ፣ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፍ አውሮፕላን በአየር የሚያቋርጠው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጄት አንድ ሰዓት፣ በፕሮፔለር ደግሞ አንድ ሰዓት ከሩብ ቢፈጅ ነው። በመሬት ግን ያቺው መቀሌ ከአዲስ አበባ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በሁለቱ መካከል ያለው 280 ኪሎ ሜትር ዳገት የሚዞር፣ ገደል የሚሸሽ፣ ቆላ ወርዶ መልሶ ደጋ የሚወጣ መንገድ ነው። እኔን የሚናፍቀኝ ያ 280 ኪሎ ሜትር ነው።

በ1996 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ መቀሌ ደረሰኝ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ያለውን አገር የማውቀው በካርታ ብቻ ነበር። እናቴ ምደባውን ስትሰማ ስለ ትምህርቱ አልጠየቀችኝም። “ስንት ቀን ያስኬዳል?” አለች። “ሁለት ቀን” አልኳት። በዚያው ሳምንት ገብስ ቆልታ በሶ አስፈጨች፣ ዳቦ ቆሎ ሠራች፣ ሽሮና በርበሬውን ፌስታል በፌስታል ላይ እየደረበች አሰረች። የአውሮፕላን ነገር በቤታችን አልተነሣም፤ በዚያን ጊዜ አውሮፕላን የሚሳፈረው ሌላ ሰው ነው።

መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ የሚደረሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። በሩ እስኪከፈት ሰዉ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይጠብቃል። ሲከፈት ሩጫ ነው። ረዳቶቹ “ደሴ! ወልድያ! መቀሌ!” እያሉ ይጣራሉ። ሻንጣው ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣል፣ ሸራ ይለብሳል፣ በገመድ ይጠፈራል። ሞተሩ ሲነሣ ገሚሱ ያማትባል፣ ገሚሱ “ቢስሚላህ” ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ዝም። ሰንዳፋ ላይ ይነጋል። ደብረ ብርሃን ላይ የጠዋቱ ብርድ ሲቆነድድ ያንቀላፋው ሁሉ ይነቃል፤ ጨዋታውም ከዚያ ይጀመራል።

ጣርማ በር ላይ ጉም አለ። ጣሊያን ከፈለፈለው ዋሻ ሲወጣ መንገዱ ከእግር በታች ይጠፋል፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ ክላክስ እያሰማ፣ በቀስታ ይወርዳል። ጭላዳዎቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ደብረ ሲና ስንደርስ ጉሙ ከላያችን ቀርቷል፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጃኬቱ ወልቋል፤ ሰንበቴ ላይ ሰዉ ፓፓያና ሽንኩርት በመስኮት ይገዛል። ከሚሴ ላይ ከመስኮቱ ውጭ የሚሰማው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። የኢትዮጵያን ጂኦግራፊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። የገባኝ ግን በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ በአንድ ቀን ብርድ፣ ጉም፣ ሙቀት፣ እንደገና ብርድ።

አጠገቤ የተቀመጡት የራያ ሰው ነበሩ፤ አዲስ አበባ የሚኖር ልጃቸውን ጠይቀው የሚመለሱ ሽማግሌ። ሸዋ ሮቢት ሳንደርስ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ምን እንደምማር፣ እናቴ ደኅና መሆኗን፣ ስንት ወንድም እንዳለኝ ጠይቀው ጨርሰዋል። ከዚያ ከፊት ላለው፣ ከኋላ ላለው፣ “ይኼ ልጅ መቀሌ ለትምህርት ነው፤ ማንንም አያውቅም” ብለው አስተዋወቁኝ። ዳቦ ቆሎዬን ሳወጣ እርሳቸው ንፍሮ አወጡ፤ ከኋላ አንዲት ሴት ዳቦ ቆርሳ በትከሻዬ ላይ አሳለፈችልኝ። ያን ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ብቻውን የሚበላ ሰው አላየሁም።

ኮምቦልቻን አልፈን የሐረጎን ዳገት ጨርሰን ደሴ ስንገባ 400 ኪሎ ሜትር ሄደናል፤ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። የሕዝብ ማመላለሻ ሌሊት አይነዳም ነበርና ደሴ ይታደራል። ከአውቶቡሱ ስንወርድ ልጆቹ “አልጋ! አልጋ አለ!” እያሉ ይሻማሉ። ሽማግሌው “ከኔ ጋር ና” ብለው ሁልጊዜ ወደሚያርፉበት ቤት ወሰዱኝ። ክፍሉ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ፦ ሁለት የሽቦ አልጋ፣ አረንጓዴ ቀለም እስከ ወገብ የተቀባ ግድግዳ፣ በገመድ የተንጠለጠለ አምፖል፣ አልጋው ሥር ለሁለት ሰው አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ፣ በር ላይ የእጅ መታጠቢያ ሳፋ። ባለቤቲቱ ሳሙናና ውኃ ይዛ መጣች። ተማሪ መሆኔን ስትሰማ “ያንተን እራት እኔ እችላለሁ” አለች። ሽማግሌው እምቢ አሉ፤ እኔ እከፍላለሁ፣ አይከፍሉም ሲባል ሽሮው ቀረበና ጭቅጭቁ በዚያው ተረሳ። ሌሊቱን ቅዳሴም አዛንም ከተራራው ሥር ይሰማል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ረዳቱ በር በር እየዞረ “መቀሌ! ተነሡ!” ይላል፤ ማንን እንደጫነ፣ ማን የት እንዳደረ ሁሉንም ያውቃል።

በሁለተኛው ቀን የመጽሐፍ ስም ሁሉ ነፍስ ይዘራል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ውኃ ጎሕ ሲቀድ ይታያል። ውጫሌን እናልፋለን፤ በ1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመባት፣ በኋላም ለዐድዋ ጦርነት ምክንያት የሆነችው ውጫሌ፣ ከመስኮት ሲያዩዋት ሰው እህል አሸክሞ ገበያ የሚሄድባት መንደር ናት። ወልድያ ቁርስ። ከዚያ የቆቦ ሜዳ፣ በመስከረም ማሽላው ሰው የሚውጥበት። አላማጣ ላይ ሽማግሌዬ ወረዱ። ጭንቅላቴን ስመው መረቁኝ፤ አድራሻ አልተለዋወጥንም፤ ስልክ የነበረው ሰው ያን ጊዜ ጥቂት ነው። ሾፌሩ የአማርኛውን ካሴት አውጥቶ የትግርኛ ካሴት ያስገባው እዚያው አላማጣ ላይ ነው። ከዚያ ግራ ካሕሱ ይመጣል፤ ተራራው ላይ እንደ መቀነት የተጠመጠመ መንገድ። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ ሲወጣ ታች ያለፍናት አላማጣ በቀኝ ትታያለች፣ ትጠፋለች፣ በግራ ትታያለች። ኮረም፣ ቀጥሎ የሐሸንጌ ሐይቅ፣ ማይጨው፣ እምባ አላጀ። ሕዋነንና ዓዲ ጉደምን አልፈን ኵሓ ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። መቀሌ ከታች ነጭ በነጭ ድንጋይ ተሠርታ ትጠብቀን ነበር።

የኛ ግቢ እንዳ ኢየሱስ ነው፤ ከከተማው ወደ ኵሓ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ኮረብታ። አውሮፕላን ማረፊያው ከኛ ብዙም አይርቅም። ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍት ወጥተን ደረጃው ላይ ስንቀመጥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፎከር ዝቅ ብሎ ሲያልፍ እናየው ነበር። “ያ ሰውዬ ቁርሱን ቦሌ ነው የበላው” ይላል አንዱ። እኛ ለእረፍት ቤት ደርሰን ስንመለስ አራት ቀን መንገድ ላይ ይቀራል።

ያ ኮረብታ ራሱ ስለ ርቀት ብዙ ያውቃል። ጣሊያኖች በ1888 ዓ.ም. የመሸጉበት እዚያ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እንዳ ኢየሱስ ሥር የደረሰው በገና ሰሞን ነው፤ ሦስት ወር ገደማ መሆኑ ነው። ምሽጉ የተፈታው እቴጌ ጣይቱ ውኃው እንዲያዝ ባመጡት ዘዴ እንደሆነ የታሪክ ተማሪው ሁሉ ያውቃል። እኔን ግን ከጦርነቱ ይልቅ ሦስት ወሩ ነው ያስገረመኝ። ያ ሁሉ ሠራዊት፣ ያ ሁሉ አጋሰስ፣ በየወንዙ እየሰፈረ፣ በየአገሩ ሰው እየጨመረ የሄደበት መንገድ ነው። መንገድ ላይ የተቀላቀለው የወሎ ሰው፣ የላስታ ሰው፣ የራያ ሰው ዐድዋ ሲደርስ አንድ ጦር ሆኗል።

ከግቢው በር ውጭ ቡና የምታፈላ እናት ነበረች። ሁላችንም “አደይ” እንላታለን፤ እርሷም ከየትም እንምጣ ሁላችንንም “ወደይ”፣ ልጄ፣ ትለናለች። ለእረፍት ስንሄድ “መንገዱ ረጅም ነው” ብላ ሕምባሻ ጋግራ በነጠላ ጫፍ ጠቅልላ ትሰጠናለች፤ ነጠላውን ስንመለስ እንመልሳለን። አንድ ነገር ግን አስተውል ነበር። አውሮፕላን ሲያልፍ ጀበናውን ረከቦቱ ላይ ታስቀምጣለች፤ ድምፁ እስኪርቅ አትቀዳም። ምክንያቱን ቆይቶ ነገሩኝ። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ የጦር አውሮፕላኖች አውሮፕላን ማረፊያውንና የዓይደርን ትምህርት ቤት ሲደበድቡ ሰፈሯ ዓይደር ነበር። ለኛ አውሮፕላን ምኞት ነው፤ ለእርሷ ግን ጆሮ የሚቆምበት ድምፅ ነበር። የከተማው ሽማግሎች ደግሞ ሌላ ያስታውሳሉ፤ በ1977ቱ ረሃብ የእንግሊዝና የጀርመን ወታደራዊ አውሮፕላኖች ስንዴ ጭነው መቀሌ ሲያርፉ፣ የሞተራቸው ድምፅ ሲሰማ እናቶች እልል ይሉ እንደነበር።

ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ በኋላ መሥሪያ ቤቴ ለስብሰባ ወደ መቀሌ በአውሮፕላን ላከኝ። ልቤ እስኪጠፋ ነበር የተደሰትኩት፤ ዛሬም ደስታውን አልክደውም። ፎከሩም፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ኪው 400ም ክንፋቸው ከመስኮቱ በላይ ነው፤ ስለዚህ መስኮት የደረሰው ሰው አገሩን ያለ ከልካይ ያያል። ካርታ ላይ ከቦሌ እስከ መቀሌ ቀጥ ያለ መስመር ብታሰምሩ በጀማ ሸለቆ ላይ ያልፋል፣ የበሽሎን ወንዝ ያቋርጣል፣ የመቅደላን አምባ ይነካል ለማለት ይቻላል፤ አቡነ ዮሴፍን በስተግራ ትቶ፣ ሐሸንጌን በስተቀኝ ትቶ መቀሌ ይገባል። ደሴ ግን የለችበትም። ወልድያም፣ ቆቦም፣ አላማጣም የሉበትም። በቀኝ በኩል፣ ከተራሮቹ ወዲያ፣ ጭጋግ ውስጥ ናቸው።

ያችም አንድ ሰዓት ብትሆን ሁሏ የጉዞ አይደለችም። ቦሌ 2,300 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው፤ መቀሌ ደግሞ ከ2,250 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ለመነሣትም ለመቆምም ረጅም ሩጫ ይፈልጋል፤ የመቀሌው ማኮብኮቢያ 3.6 ኪሎ ሜትር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሽቅብ መውጣቱ አንድ ድርሻ፣ ቁልቁል መውረዱ አንድ ድርሻ ይወስዳል። መካከል ላይ ሻይ ይቀርባል፤ ሻዩ ሳያልቅ “ቀበቶአችሁን እሰሩ” ይባላል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በትህትና ሰላም አለኝ፣ ጋዜጣውን ገለጠ፣ ስንወርድም በትህትና ተሰናበተኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ለመጠየቅ ጊዜውም የለም።

ግን አሉላ አባ ነጋም የራሱ ወግ ነበረው፤ እርሱም ይናፍቀኛል። በደረጃ ወርዶ በእግር ነው የሚገባው። የኵሓ ደረቅ ነፋስ ፊት ላይ ይመታል። ከውጭ ቤተሰብ ተሰብስቧል፦ ነጭ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ የተቀጠፈ አበባ የያዙ ልጆች፣ የሚጨፍሩ ጎረምሶች። ከዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ፣ 13 ሰዓት ገደማ በርሮ ቦሌ የደረሰ ሰው ያችን የመጨረሻዋን አንድ ሰዓት ጨምሮ ብቅ ሲል እናቱ መጀመሪያ ፊቱን በሁለት እጇ ትይዘዋለች። ካወቀችው በኋላ ነው የምትስመው። ከዚያ መኪናዎቹ ጡሩንባ እየነፉ በእንዳ ኢየሱስ ዳገት ወደ ከተማ ይወርዳሉ።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት የትግራይ ጦርነት ሲጀመር መጀመሪያ የጠፋው ስልኩ ነው፤ በረራውም ቆመ። በመካከል ለጥቂት ወራት ተከፍቶ ነበር፤ ከሰኔ 2013 በኋላ ግን 18 ወር ያህል የሲቪል በረራ ወደ መቀሌ አልነበረም። መንገዱም ዝግ፣ ባንኩም ዝግ። የግቢ ጓደኛዬ፣ የመቀሌ ልጅ፣ አሜሪካ ትኖር ነበር። አላስችል ሲላት አዲስ አበባ መጣች። እኛ ቤት አረፈች። “ቢያንስ ልቅረባቸው” ነበር የምትለው። 11 ሺህ 500ውን ኪሎ ሜትር ጨርሳ 500ው ቀራት። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ወደ ሰሜን የሚያልፍ አውሮፕላን ስታይ “የት ይሄዳል?” ትለኛለች፤ የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ “ባሕር ዳር ይሆናል” እላት ነበር። እናቷ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አታውቅም። ከእነዚያ ምሽቶች በኋላ 500 ኪሎ ሜትርን አጭር ነው ለማለት አፌ አይደፍርም።

ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 የመጀመሪያው የመንገደኛ አውሮፕላን መቀሌ አረፈ። በቴሌቪዥን አየነው። ሰዎቹ ወርደው መሬቱን ሳሙ። ጎልማሳ ወንዶች ድምፅ አውጥተው ሲያለቅሱ፣ ወላጆቻቸው እግር ላይ ሲወድቁ ያየነውን አልረሳውም። ጓደኛዬ ከሳምንታት በኋላ ሄደች። እናቷ በሕይወት ነበሩ።

እኔም በቀጣዩ ዓመት ሄድኩ። በአውሮፕላን ነው፤ በ2015 ማብቂያ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የወሎው መንገድ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ባለ ቤተሰብ ሰው በመኪና የሚደፍረው አልነበረም። ከኵሓ ወርጄ በቀጥታ እንዳ ኢየሱስ በር ላይ አስቆምኩ። የአደይ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ነው የሚሸጠው። ጠያይቄ ቤቷን አገኘሁት። አርጅታለች፤ ስሜን አላስታወሰችም፤ “ወደይ” ግን አለችኝ። አስቀምጣኝ ቡና ስታፈላ “መንገዱ እንዴት ነው? ወልድያ ሰላም ነው? ራያ ዘንድሮ ዘነበ?” አለችኝ። በአውሮፕላን መምጣቴን ነገርኳት። “እህ” አለች፣ “እንግዲያው ማንንም አላየህም።”

እውነቷን ነው። ለሁለት ቀን ሰው የሚያይ ሰው ዜና ይዞ ይገባ ነበር፤ የደሴን ብርድ፣ የቆቦን አዝመራ፣ የኮረምን ገበያ። መቀሌ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን እንግዳ የምትጠይቀው ስለ አዲስ አበባ ብቻ አልነበረም። አዲስ አበባም ከመቀሌ የተመለሰውን ስለ ወሎ ትጠይቀው ነበር። የዛሬ ተማሪ ቤተሰቡ ከቻለ ይበራል፤ ካልቻለ በየኬላው እየቆመ፣ ስልኩን እያጠፋና እያበራ፣ ወይም በአፋር በኩል ዞሮ ይደርሳል። ደሴ ላይ “አልጋ አለ!” የሚለውን የልጅ ድምፅ ሰምቶ፣ የማያውቀው ሽማግሌ እጁን ይዞ ወስዶት ያደረ ወጣት ስንት ይሆን? የኔ ዘመን ልጆች ስንገናኝ ወሬያችን የት እንደታደረ ነው፤ ወልድያ ያደረው፣ ኮምቦልቻ ያደረው፣ መኪና ተበላሽቶበት ኮረም ላይ ሰው ቤት ያደረው። የሚያጣላን ወሬ አይጠፋንም፤ መንገዱን ስናነሣ ግን ትግርኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም እኩል ያወራል፤ ሁላችንም የበላነው የአንድ መንገድ ንፍሮ ነው።

ልጄ 11 ዓመቷ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን መቀሌ እወስድሻለሁ፣ በአውቶቡስ፣ ብያታለሁ። “በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይደለም እንዴ?” አለችኝ። ካርታ ዘርግቼ ከተሞቹን አንድ በአንድ አሳየኋት። ደሴ ስንደርስ ጣቷን እዚያው አቁማ “እዚህ ለምን እናድራለን?” አለች። ራት የሚጋብዙን ሰዎች እንዳሉ ነገርኳት። አላማጣን አልፋ ግራ ካሕሱ ስትደርስ መስመሩ ሲጠማዘዝ አይታ፣ መታጠፊያው ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እርሱን ስንወጣ እርሷ እንድትቆጥር ተስማምተናል።